ያላወደው ረድፍ

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ ሠራተኛ ግን ብዙ አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠራት «አፍንጬ» እያለ ነው። አፍንጫዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም። ጣቢያው የሚታወቀው ከሞቃት አገር በመጡ መዓዛማ ቁጥቋጦዎች ነው፤ ከእነሱ ውስጥ የትኛው ለመራቢያ እንደሚቀር፣ የትኛው ተነቅሎ እንደሚጣል የምትወስነው ደግሞ እሷ ነበረች። አበባው ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ቀና ስትል ወይ «ይሄ ይቆይ» ትላለች፣ ወይ «ይሄ ውሃችንን ለመጨረስ ነው የተፈጠረው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ማንም አይከራከራትም።

ቁጥቋጦዎቹ ብርድ አይወዱም፣ ከተማዋ ደግሞ ብርድ አታጣም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ላስቲክ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ጃስሚኑ ሽቦ ተንተርሶ ይሳባል። ጋርዴኒያው በየግማሽ በርሜሉ ተተክሎ በረድፍ ይቆማል፤ ቅጠሉ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል፣ አበባው ወፍራምና ነጭ ነው፣ ጠባዩ ግን የተሞላቀቀ ልጅ ጠባይ ነው። ውሃ ሲበዛበት ይቆጣል፣ ሲያንሰው ያኮርፋል፣ ከቦታው ቢያነቃንቁት እንቡጡን ያረግፋል። የቧንቧ ውሃም አይስማማውም፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። አፍንጬ የዝናብ ውሃ እያጠራቀመች በባልዲ ስታጠጣው ኖራለች። በቀን ስልሳ ባልዲ። ወገቧ ያለቀው እዚያ ነው።

በአንደኛው ክረምት መጨረሻ ክፉ ጉንፋን ያዛትና ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላት። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀን ሙሉ ከመኪናዋ አትነሣም፣ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። አፍንጬ ትንሽ ሻል ብሏት ከአልጋ በተነሣች ቀን፣ ወተት ምድጃ ላይ ጥዳ፣ ለምድጃው ጀርባዋን ሰጥታ ካልሲ ትጠቅም ነበር። እህቷ ከወዲያኛው ክፍል እየሮጠች መጣች።

«አንቺ! ቤቱን ልታነጂው ነው እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትለኛለች ደግሞ! ወተቱ ከሰል ሆኗል! ሽታው እኔ ጋ ደርሶ ሊያስነጥሰኝ፣ አንቺ አጠገቡ ተጎልተሽ ካልሲ ትጠቅሚያለሽ!»

አፍንጬ ዞር ብላ ድስቱን አየችው። ጭስ ነበር። ሽታ ግን አልነበረም። እህቷ ሽንኩርት ቆርጣ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋችላት፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ የላምባውን ጀሪካን ክዳን ከፍታ። ምንም። አፍንጬ ማልቀስ ጀመረች።

«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚሉት ይሄንን ነው» አለች እህቷ፣ ልታስቃት ፈልጋ። ሁለቱም አልሳቁም።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ነርቩ ተጎድቷል፣ በስድስት ወር ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አላት። «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አትክልተኛ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ብዙም አይጎዳዎትም። ምግብ አብሳይ ቢሆኑ ኖሮ ነበር ጉዱ።»

ስድስት ወሩ አለፈ። አልተመለሰም። ለእህቷ ካልሆነ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ጣቢያው ውስጥ እንደ ድሮዋ አበባ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ በልቧ አንድ ሁለት ሦስት ትልና ቀና ብላ ያመጣላትን ትናገራለች። ይህ ከባልዲው በላይ አደከማት። ባልዲው ማታ ላይ ይቀመጣል፤ ማስመሰሉ ግን እስከ ቤት ድረስ አብሯት ይሄዳል። አንዱ ሠራተኛ «ዛሬ እንዴት ያውዳል እባክሽ!» ሲላት «እህ፣ ዝናብ ሊጥል ስለሆነ ነው» ትላለች። ማታ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

«ለጋሼ ንገሪው» ትላት ነበር እህቷ። ጋሼ የሚሉት የጣቢያውን ባለቤት ነው። «ሰው መቼም ታመመ ተብሎ አይባረርም።»

«እኔን የቀጠረኝ ለወገቤ ነው እንዴ? እጅ ያለው ሰው ሞልቶለታል።»

«እንግዲያው እንደፈለግሽ። እኔ ዓይኔ ቢጠፋ መርፌ በቃኝ እላለሁ።»

«ዓይንሽ ሳይጠፋ ነው እንዲህ የምትዪው፣ እታለም።»

በዚያው ዓመት፣ ጋርዴኒያው ሙሉ በሙሉ ባበበበት ሰሞን፣ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አንድ መምህር መጣ። እሱ ራሱም ዓይነ ስውር ነው። በትሩን ይዞ ብቻውን ከአውቶቡስ ወርዶ ቀጥ ብሎ ላስቲክ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ማንም አላሳየኝም፤ ሽታው እየጎተተ አመጣኝ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ጉዳዩን ነገራቸው። «ግቢያችንን ብዙ ሰው አስውቦልናል። አንዱ ሣር ተክሎ አረንጓዴ ነው አለን። ሌላው ግድግዳ ቀብቶ ሰማያዊ ነው አለን። ሁሉንም አመሰገንን። ለእኛ የሚሸተን ግን የመጸዳጃ ቤት ክሎሪንና የወጥ ቤት ጭስ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ መማሪያ ክፍል የሚወስደው መንገድ ዳር አርባ ቁጥቋጦ እንፈልጋለን። አሁን የሸተተኝን፣ ሌላ አይደለም።»

ጋሼ ሲጋራውን እያጠፋ «ይሄ የአፍንጬ ሥራ ነው። እሷ ከመረጠችልህ ምንም አትስጋ» አለው። መምህሩ እጁን ዘረጋላት። ጨበጠችው።

ጣቢያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ጋርዴኒያ ነበር። አንደኛው አሮጌው ነው፣ ግቢ የሚያውደው። ሁለተኛው ጋሼ ከሦስት ዓመት በፊት ያመጣው ነው፤ አበባው ያምራል እንጂ መዓዛ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለቱ በቅጠልም በቁመትም መንትያ ናቸው። በላያቸው ላይ ጽሑፍ አልተንጠለጠለም፣ ምክንያቱም አፍንጬ «ጽሑፍ ለማያውቅ ነው» ስለምትል፤ የሚለዩት በቆሙበት ቦታ ነበር። መምህሩ ከሄደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አበባው ሁሉ እንደረገፈ፣ የላስቲክ ቤቱ ጣሪያ በነፋስ ተቀደደ። ላስቲኩ እስኪለወጥ ድረስ በርሜሎቹ በሙሉ ወደ ሜዳ ወጡ፣ ተመልሰውም ገቡ። የተሸከሙት ሰዎች ባገኙት ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። አፍንጬ ገብታ ረድፉን ስታይ ሃያ አራት ቁጥቋጦ አንዱ ከሌላው ተደበላልቆ ቆሟል።

ቅርንጫፍ ቆርጦ የማራቢያው ጊዜ ያ ነበር። የሚቀጥለውን አበባ መጠበቅ ትችል ነበር፤ ለመጠበቅ ግን ምክንያት መስጠት፣ ምክንያት ለመስጠት ደግሞ እውነቱን ማውጣት ሊኖርባት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በረድፉ መካከል ተመላለሰች። ቅጠሉን በጣቷ ደባበሰች። ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው አሮጌው ይመስለኛል አለች ለራሷ። መቀሱን አነሣች።

ቁራጮቹን አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል በተቀላቀለበት አፈር ላይ ሰካቻቸው፣ በላስቲክ ሸፈነቻቸው፣ በየጠዋቱ ውሃ አርከፈከፈችባቸው። ሥር ሲያወጡ ለየብቻ ከረጢት ውስጥ አዛወረቻቸው። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ተጠንቅቃ ያሳደገችው ችግኝ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ትልልቆቹ ሲያብቡ አንድ ሠራተኛ ጠርታ «እስቲ ይሄንን አሽትተው» ልትል ብዙ ጊዜ አፏ ላይ መጣ። መጠየቁ ራሱ ግን መናዘዝ ነበር። ተወችው። አርባው ችግኝ እንቡጥ እንደቋጠረ ተጭኖ ሄደ፤ እሷም አብራ ሄዳ ተከለች፣ ሁለት ቀን ተንበርክካ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህሩ ስልክ ደወለ። «አበባው መፈንዳት ጀምሯል፤ ልጆቹ በጣታቸው እየቆጠሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እናሽትት ብለናል፤ እርስዎ ካልመጡ አንጀምርም፣ እትዬ።»

ሰበብ አጥታ ሄደች። ጠዋቱ ፀሐያማ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ መንገዱ ዳር ባለው ገመድ ተሰልፈው ቆመዋል። መምህሩ አጭር ንግግር አደረገና «በሉ እንግዲህ» አለ። ልጆቹ ጎንበስ አሉ።

አፍንጬ ፊታቸውን ትመለከት ነበር። ሌላ ማወቂያ አልነበራትም። አንዱ አበባውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ቆየ። ሌላዋ ሁለት ጊዜ ሳበች። አንድ ትንሽ ልጅ «አላበበም መሰለኝ» አለ። ጓደኛው «አብቧል እንጂ፣ ንካው» አለው። «ነክቼዋለሁ፤ ምንም አይልም።»

መምህሩ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስት አበባ አሸተተ። ከዚያ ፊቱን እሷ ወዳለችበት አዞረ።

«እትዬ፣ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ደስ ይላል… ትንሽ ገና ነው እንጂ።»

በዚያ ቅጽበት ከረድፉ ጫፍ አንዲት ረጅም ልጅ ጮኸች። «እዚህ ነው! እዚህ አለ! ኑ!» ልጆቹ ገመዱን ለቀው በድምፅዋ ተመርተው እየተጋፉ ሮጡ። አንዱ የሌላውን እግር ረገጠ፣ አንዷ ወደቀችና ሳታለቅስ ተነሣች። ሠላሳ ልጅ በአንዲት ቁጥቋጦ ዙሪያ ተደራርቦ «ቆይ እኔ! ቆይ እኔ!» ይል ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ አገኙ። ከአርባው ሁለት። ቁጥቋጦዎቹ ጉልበት ድረስ እንኳ የማይደርሱ ነበሩና በየተራ እየተንበረከኩ አሸተቱ።

መምህሩ አልሮጠም። አጠገቧ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለእርስዎም አይሸትዎትም፣ አይደለም?»

የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱም በትሩን አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገረችው፤ ጉንፋኑን፣ የተደበላለቁትን በርሜሎች፣ ቅጠሉን፣ ጥሩ ነው ያለችውን።

«ለዓይነ ስውር ሰው መዋሸት ቀላል ነው» አለ ስትጨርስ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቱ ሰው እንዳደረገው አልነግርዎትም። የሌላው ሰው ይለመዳል። የእርስዎ ግን ገረመኝ፤ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቁት ነበርና።»

«ደክሞኝ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«እሱን አምናለሁ» አለ፣ ተነሥቶም ወደ ልጆቹ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ጣቢያው ደረሰች። ጋሼ ቢሮ በምትባለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር።

«ጋሼ፣ አፍንጫዬ ሞቷል።»

«ማን ሞተ?»

«አፍንጫዬ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።»

ሬዲዮውን አጠፋ። ሁሉንም ስትነግረው ፊቱን በመዳፉ እያሸ አዳመጠ። «ያስነቀልሽኝስ ጃስሚን? ያ በበሩ በኩል የነበረው?»

«ገምቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ገምቼ ነው!» ብድግ አለ፣ መልሶ ተቀመጠ። «እኔ ይሄ ሲጋራ አፍንጫዬን ከዘጋው ስንት ዘመኑ ነው። አፍንጬ አለችልኝ ብዬ ነው የምኖረው። ለሁለት ሰው አንድ አፍንጫ ነበረን፣ እሱንም ሳትነግሪኝ ቀበርሽው!» ሊስቅ የነበረ መሰለ፤ ሳይስቅ ቀረ። «አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ። እኔ እጠራሻለሁ፤ ካልጠራሁሽም ታውቂዋለሽ።»

ዘጠኝ ቀን ቤት ዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንቅልፍ ብቻ ነበር። እህቷ የመኪናው ድምፅ እንዳይቀሰቅሳት በእጇ ስትሰፋ ሰነበተች፤ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አላነሣችም፣ ያ ደግሞ ለእሷ ዓይነት ሴት ትልቅ ጾም ነው። በአራተኛው ቀን ግን አልቻለችም።

«ነግሬሽ ነበር ልልሽ አስቤ ነበር።»

«በይው እታለም፣ ይውጣልሽ።»

«ተይው፣ ፊትሽን ሳየው አሳዘነኝ። ተነሺና ቁልፍ ትከዪልኝ፤ እጅሽ አልሞተ።»

በዘጠነኛው ቀን ጋሼ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። መምህሩ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ነበር። ገንዘብ ይመለስልን አላለም፤ ልጆቹ ይምጡና ትልልቆቹ ቁጥቋጦዎች አበባቸው ሳይረግፍ ይለዩአቸው፣ ከተለዩት ደግሞ እንደገና ይራባልን አለ። «የሚያራባው ሰው ያስፈልገኛል። ነገር ግን መምረጥ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም» አለ ጋሼ። «አንቺ ቆርጠሽ ትተክያለሽ፤ ውሃውን ሌላ ሰው ይሸከመዋል። ወገብሽም አፍንጫሽን እንዳይከተል።»

አምስት ልጆች ከመምህሩ ጋር መጡ፣ ረጅሟም ልጅ ነበረች። አፍንጬ እያንዳንዳቸውን እጃቸውን ይዛ በርሜሎቹ መካከል አዞረቻቸው። እንደ ዳኛ ነበሩ። አንዱ «አለው» ሲል ሌላው «የጎረቤቱ ነው የሸተተህ፣ አርቀውና እንየው» ይለዋል፤ በርሜሉ ተስቦ ብቻውን ይቆማል፣ እንደገና ይሸተታል። ረጅሟ ልጅ ቡና ጠጥቷልና አፍንጫው አይታመንም ብላ መምህሯን ራሱን ከዳኝነት አሰናበተችው። ሲስማሙ ግንዱ ላይ ክር ይታሰራል፤ ላለው አንድ ቋጠሮ፣ ለሌለው ሁለት፣ በጣት ቢዳሰስም እንዲታወቅ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከሃያ አራቱ አሥራ አንዱ ባለ አንድ ቋጠሮ ሆኑ። በአንዱ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ስላልተስማሙ ያለ ክር ቀረ። ጋሼ በሩን ተደግፎ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቱ እያሽከረከረ ሲያይ ዋለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አፍንጬ ብሎ አልጠራትም። ክፋት አልነበረውም፤ ማሾፍ እንዳይመስልባቸው ፈርተው ነው። ለጥቂት ወራት ምንም ስም ሳይኖራት ሠራች፤ «እስኪ አንዴ» እያሉ ነበር የሚጠሯት። በኋላ እትዬ ሆነች። ስሙ ሲቀር ትንሽ ከፋት፣ ትንሽ ደግሞ ቀለላት። ማስመሰሉ ከላይዋ ወርዶ ድካሙ ግን አልወረደም፤ ሃያ ስድስት ዓመት በዘጠኝ ቀን እረፍት አይከፈልም።

በዚያ ወቅት ከሰካችው ስልሳ ቁራጭ አርባ አንዱ ያዘ። ዓመት አልፎ ችግኞቹ ሲጠነክሩ፣ የዝናቡ መጀመሪያ ላይ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደቻቸው። ያላወዱት ቁጥቋጦዎች ተነቅለው ወደ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተዛወሩ፤ ይጣሉ ያለ ልጅ አልተገኘም። ሁለቱ ብቻ ከቦታቸው አልተነኩም። አሥራ አራት ጉድጓድ እንደቆፈረች ወገቧ ተያዘ፤ ዶማውን ተደግፋ ትንፋሿን ስትሰበስብ ረጅሟ ልጅ ሰማቻት።

«ደከመዎት፣ እትዬ?»

«ደክሞኛል፣ ልጄ። በጣም ደክሞኛል።»

«እንግዲያው ይቀመጡ። የጉድጓዱን ልክ ብቻ ያሳዩን።»

የልጅቷን ክንድ ይዛ እስከ ክርኗ ድረስ ለካችላት። «እስከዚህ ድረስ ይግባ። ሥሩ እንዳይታጠፍ።» ከዚያ አንድ ሰው ያመጣላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ዶማውን እየተቀባበሉ፣ በገመዱ እየተመሩ መቆፈር ጀመሩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጠመመ፣ ሁለተኛው ጠበበ። ሁለት ጊዜ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» አለች። በሦስተኛው ላይ ዝም አለች፤ እግሯን ዘረጋችና ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ ሲሠሩ አየቻቸው።